በሕይወት ላሉት እማማ ታደለች የነፋሁት ጡሩንባ

ሰው ሁሉ የሚኮራበት ነገር አያጣም። የኔ ሳንባዬ ነው። ቀራንዮ ላይ ቆሜ ጡሩንባዬን ስነፋ፣ አየር ጤና ታክሲ የሚጠብቅ ሰውዬ ኮፍያውን ያወልቃል ይሉኛል። ተጋንኗል፤ ግን ብዙም አይደል።

ዘለቀ እባላለሁ። እንጀራዬ ሽመና ነው፤ አባቴ ከጋሞ ደጋ ይዞት የመጣው ሙያ። በዚያ ላይ የሰፈራችን እድር ጡሩንባ ነፊ ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከአባላቱ አንዱ ሲያርፍ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ በየቅያሱ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም እጠራለሁ፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ እናገራለሁ። ሥራው ክብር አለው፤ ነገር ግን ሰው ጠዋት ጠዋት ፊቴን ማየት አይወድም። ዳቦ ልገዛ ብወጣ እንኳ "ውይ ዘለቀ፣ ምነው፣ ደህና ነው?" ብለው ደረታቸውን የሚይዙ ሴቶች ብዛታቸው! ሳይደነግጡ "እንዴት አደርክ ልጄ?" የሚሉኝ እማማ ታደለች ብቻ ነበሩ። ለምን ይደንግጡ? የእድሩ አባል አልነበሩም። የኔ ጡሩንባ እሳቸውን አይመለከታቸውም።

እማማ ታደለች ሸክላ ሠሪ ናቸው። በሰፈራችን የእሳቸው ድስት ወይም ጀበና የሌለበት ቤት የለም። እንደኔ ወላጆች ሁሉ እሳቸውም ከጋሞ ነው የመጡት፤ ከባለቤታቸው ከጋሽ ወልዴ ጋር። ድሮ፣ ለእድሩ አባልነት ሲጠይቁ፣ "ከሸክላ ሠሪ ጋር አንድ ድንኳን ሥር አልቀመጥም" ብሎ የተነሣው ሰው ጎጃሜ ወይም ሸዌ እንዳይመስላችሁ። የኛው የጋሞ ሰው፣ ያውም ሸማኔ ነው! እኛ ሸማኔዎች "ቁጢት በጣሽ" እየተባልን ስንሰደብ የኖርን ሰዎች፣ ከኛ በታች የምናደርገው ሰው ስናገኝ ግን አልማርንም። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ይህን የሚያህል ሳንባ ተሸክሜ ትንፍሽ አላልኩም።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ገደማ፣ አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ታደለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

"ዘለቀ፣ ወልዴ አርፏል። ጡሩንባህን ንፋልኝ።"

"እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት። ግን እኮ... አባል አይደላችሁም። ደንቡ አይፈቅድልኝም።"

አልተቆጡም፤ አልለመኑኝምም። "እሺ ልጄ፣ ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል" ብለው ሄዱ። ጋሽ ወልዴን ሰባት ሰው ቀበራቸው። እኔ ከሰባቱ አንዱ እንኳ አልነበርኩም። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ላይ ሳገኛቸው ያው "እንዴት አደርክ ልጄ?" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ነገር ለሚስቴም ለልጄም ሳልናገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

አሁን ወደዚያች እሁድ ልውሰዳችሁ።

ልጄ ቤዛ ቲያትር ተምራለች። ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጋሞው ከየቤቱ ተሰባስበው፣ አንድ የጥበብ ቡድን አቋቁመዋል። ከየአገሩ ዘፈን ይለማመዳሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፣ ሰው ስለተገፋበት ነገር ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ተውኔት ይሠራሉ። አንድ ቀን ቤዛ እማማ ታደለች ቤት ሄዳ ታሪካቸውን ስትጠይቅ ውላ፣ ዓይኗ አብጦ መጣች።

"አባዬ፣ ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል ብሏቸዋል። ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? 'ሞትን አልፈራም፤ የምፈራው እንደ ወልዴ በሰባት ሰው መሄድን ነው' አሉኝ።"

እኔ መወርወሪያዬን ይዤ ጥለቱን የማይ መሰልኩ።

ቤዛ እልኸኛ ናት፤ በማን ወጣች አትበሉኝ። በነጋታው ቀጥታ የእድሩ ሊቀመንበር ሻምበል አስማማው ዘንድ ሄደች። ሻምበል ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ደንብ ከሚጣስ ነፍሳቸው ብትወጣ ይመርጣሉ። እኔም ተከትዬያት ሄጄ ስለነበር የተባለውን ሰምቻለሁ።

"ልጄ፣ እኔ ሴትዮዋን አልጠላኋቸውም" አሏት። "ሰዉ ነው የማይፈልጋቸው። ይፈልጋቸዋል ካልሽ አሳዪኝ። ግቢውም ድንኳኑም ወንበሩም ይኸው። እሁድ ዝግጅታችሁን አሳዩ። ግማሹ ወንበር ከሞላ፣ ጥያቄውን በሚቀጥለው ጉባኤ እኔ ራሴ አቀርባለሁ። ካልሞላ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ።"

"ቃልዎ ነው ሻምበል?"

"የወታደር ቃል!"

እሁድ ደረሰ። ድንኳኑ ተተክሎ ሁለት መቶ ወንበር ተደርድሯል። እማማ ታደለች መድረክ ላይ ወጥተው ሸክላ እየሠሩ ታሪካቸውን እንዲናገሩ፣ ወጣቶቹ ደግሞ በጎን እንዲተውኑት ነው የታሰበው። አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ በየግንቡ ወረቀት ተለጥፏል። አራት ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሰው! ከአሥራ አንዱ ደግሞ አራቱ የተዋናዮቹ እናቶች ናቸው። ሻምበል ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ።

"እስከ አምስት እጠብቃለሁ" አሉ።

ቤዛ ወደኔ መጣች። "አባዬ፣ አለቀልን። እማማ ከድንኳኑ ጀርባ ጭቃቸውን እያሹ 'ሰው መጣ?' ይሉኛል። ምን ልበላቸው?"

"እየመጣ ነው በያቸው።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ሥራው ምንድን ነው?"

እንግዲህ የኔን ጠባይ እወቁት፤ አንዴ ከተነሣሁ ምክር አልጠይቅም። ዕቃ ቤት ገባሁ፣ ጡሩንባዬን አነሣሁ፣ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቅያስ ነፋሁና ጮኽኩ፦

"የእድራችን አባላት! እማማ ታደለች፣ ሸክላ ሠሪዋ! ድንኳኑ በእድራችን ግቢ ተተክሏል! ወጣቶቹ ዝግጅት አላቸውና ሁላችሁም አሁኑኑ እንድትደርሱ!"

ቃሉ ትክክል ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። ችግሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጡሩንባ መርዶ እንጂ ሌላ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ራሱ ለምዶበት ወደ ልቅሶው ዜማ ይሄዳል። ሰውም ለምዷል፦ ጡሩንባ ሰማ፣ ስም ሰማ፣ ድንኳን ሰማ፣ አለቀ፤ የቀረውን ማን ያዳምጣል?

እኔ ግን ይህን መች ልብ አልኩ! ደረቴን ነፍቼ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ቅያስ። ስጋ ቤቱ ጋ ስደርስ ባለ ስጋ ቤቱ ቢላዋውን አስቀምጦ አማተበ።

"አይ እማማ! ትናንት እንኳ እዚህ ቆመው ሰላም ብለውኝ!" ብሎ የቆርቆሮ መዝጊያውን ጓ አድርጎ ዘጋና ወደ ግቢው አቅጣጫ ሄደ።

ዞር ብዬ ሳይ ከየበሩ ሰው ይወጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ጋቢ ደርበዋል። አንዷማ ከአሁኑ "ወይኔ እናቴ!" እያለች ደረቷን ትደልቃለች። ጉድ ፈላ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጡሩንባ ወለምታ ደግሞ ሰፈር ሙሉ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ለዚህ ነው የምጽፈውም። አፌን ከፍቼ "አልሞቱም!" ልል ነበር። አየር ስቤ ነበር። ግን አንድ ነገር አየሁ። በሦስት ቅያስ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ "አባል ነበሩ ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። አንድም! የሳብኩትን አየር ለጡሩንባው ሰጠሁት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አራተኛውን ቅያስ፣ አምስተኛውን፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ አዳረስኩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅያሶች ስሕተት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን አውቄ ነው የነፋሁት። ለእማማ ታደለች ይሁን ለጋሽ ወልዴ፣ እኔም አላውቅም።

አስፋልቱ ዳር ስደርስ ነው ሌላው ነገር እንደ ድንጋይ የወደቀብኝ። ሐኪሙ ምን አላቸው? ልብዎ ደክሟል። ከድንኳኑ ጀርባ ቁጭ ብለው፣ ምንም ሳያውቁ፣ በስማቸው ሲለቀስ ቢሰሙስ? በውሸት የነፋሁት እውነት ሊሆን! ያን ዕለት እንደሮጥኩት በወጣትነቴም አልሮጥኩም።

ግቢው ጢም ብሏል። ወንበሩ ሞልቶ ሰው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ልቅሶውም ተጀምሯል። የሻምበል ባለቤት እትዬ የሺ፣ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሙሾ ሲያወርዱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። መሃል ቆመው፦

"ጀበናሽ ከቤቴ ቆሞ እያየኝ፣
ደጅሽን ሳልረግጥ ሞትሽ ቀደመኝ"

ሲሉ ሰዉ በእንባ ታጠበ። ከወዲህ ደግሞ የኛ የጋሞ ሴቶች፣ እነዚያው ከእማማ ጋር ድንኳን አንጋራም ሲሉ የኖሩት፣ እንደ አገራቸው አንዷ ስትጀምር ሌሎቹ ድምፅ በድምፅ እየደረቡ ያለቅሳሉ። እትዬ የሺ ሲያወርዱ እነሱ ይቀበላሉ፤ እነሱ ዝም ሲሉ እትዬ የሺ ይቀጥላሉ። ማንም አላለማመዳቸውም። ወጣቶቹ ወር ሙሉ የደከሙበት የባህል ቅንጅት፣ በአንድ ጡሩንባ ተከናውኖ አገኘሁት።

ሻምበል ኮፍያቸውን አውልቀው ግራ በመጋባት ቆመዋል። ቤዛ እየተጋፋች ደረሰችብኝ።

"አባዬ! ምን አደረግክ?"

"ሰው ጠራሁ። እማማስ? እማማ የታሉ?"

መልስ ሳትሰጠኝ ከመድረኩ ጀርባ ያለው መጋረጃ ተገለጠ። እማማ ታደለች ወጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው።

የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። አንዷ "በስመአብ!" ብላ ወንበር ይዛ ወደቀች። ባለ ስጋ ቤቱ አጥሩን ሊዘል ምንም አልቀረው። ልቅሶው ቆመ። እኔ የማየው የእማማን ደረት ብቻ ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል። እማማ ተራ በተራ ሁሉንም አዩና፦

"ማን ነው የሞተው?" አሉ።

ሻምበል ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ደም መስሏል። "ዘለቀ! የእድሩን ጡሩንባ ለቀልድ? የሰው እንባ መጫወቻ ነው? አምጣ! አሁኑኑ አስረክብ!"

ልሰጣቸው እጄን ስዘረጋ እማማ ታደለች ከመድረኩ "ይቆዩ ሻምበል" አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጡሩንባውን ሲሰሙ፣ ይቺ ሴትዮ አባል ናት ወይ ብለው ጠየቁ?"

ሻምበል ደንብ አጥባቂ እንጂ ዋሾ አይደሉም። "አልጠየቅሁም" አሉ።

"የሺስ? እናንተስ?"

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"ለሬሳዬ ያልጠየቃችሁትን፣ በሕይወት ላለሁት ለእኔ ለምን ትጠይቁኛላችሁ?"

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ጡሩንባዬን እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ።

እማማ ፈገግ አሉ። "በሉ ቁጭ በሉ። ልትቀብሩኝ ከመጣችሁ፣ ከመቀበሬ በፊት እዩኝ። የሺ፣ ያቺ ሙሾ ግን ደስ ብላኛለች። ስሞት ከዚህ የከፋ እንዳታወርጂልኝ።"

በእንባው መሃል ሳቅ ፈነዳ። ሰው ተቀመጠ። አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም።

እማማ ጭቃቸውን እያንከባለሉ ተረኩ። እንዴት እንደመጡ፣ ድስታቸውን የገዛቸው ሰው ብሩን መሬት ላይ እየጣለ እንዴት ይከፍላቸው እንደነበር። ወጣቶቹም በጎን ተወኑት። ከዚያ ታሪኩ አንድ ማለዳ ላይ ደረሰ። ተዋናይዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የአንድ ጡሩንባ ነፊ በር አንኳኳች። የማን በር እንደሆነ እማማ ለቤዛ አልነገሯትም፤ "አንድ ጡሩንባ ነፊ" ብቻ ብለዋታል። ቤዛ ከሌላ ሰፈር መስሏታል። መድረክ ላይ ወጥታ እንደ ቡድኑ ልማድ ትርኢቱን አቆመችና፦

"እዚህ ላይ እናንተን እንጠይቃለን። ጡሩንባ ነፊውን ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር?" አለች።

ሰፈሩ ግን ያውቃል። በአካባቢው ጡሩንባ ነፊ አንድ ነው። ራስ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ቤዛም የሰዉን ዓይን ተከትላ እኔ ላይ ደረሰች። የልጄ ፊት እንዴት እንደተለወጠ ማየት ለማንም አባት አልመኝም።

እማማ ታደለች ቀና ሳይሉ ሸክላቸውን ይሠራሉ። ልቀመጥ እችል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የኮራሁበት ሳንባ ቁራሽ አየር አጥቶ ነበር። ተነሣሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ደንቡ አይፈቅድም ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

መድረኩ ላይ ወጣሁ። "እማማ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንዴ እንደገና ያንኳኩልኝ።"

ያን ጊዜ ነው ቀና ያሉት። ከዚያ በጭቃማ እጃቸው የመድረኩን ጣውላ ሦስቴ መቱ።

"ዘለቀ፣ ወልዴ አርፏል። ጡሩንባህን ንፋልኝ።"

"እሺ እማማ።"

ነፋሁ። እንደዚያ ነፍቼ አላውቅም። "የእድራችን አባላት! ጋሽ ወልዴ፣ የእማማ ታደለች ባለቤት፣ አርፈዋል! ያልሰማችሁ ስሙ! እኔ ዘለቀ፣ ያኔ መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩት፣ ዛሬ ነግሬያችኋለሁ!"

መጀመሪያ የተነሡት ሻምበል አስማማው ናቸው። ኮፍያቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አወለቁ። ከዚያ ሁሉም ተነሣ። እትዬ የሺ ጀመሩ፤ የኛዎቹ ተቀበሏቸው። የተዘቀዘቀው ነጠላ፣ የተደረበው ጋቢ፣ ሁሉም ባለቤቱን አገኘ። እማማ ታደለች አሥራ አራት ዓመት ይዘውት የቆዩትን እንባ አለቀሱ። ሴቶቹ መድረኩ ላይ ወጥተው አቀፏቸው፤ የሁሉም ቀሚስ ጭቃ ሆነ።

ሻምበል ቃላቸውን ጠበቁ። በጉባኤው ጥያቄውን ራሳቸው አቀረቡ፤ አንድም እጅ ሳይቀር ወጣ። እዚያው ጉባኤ ላይ እኔን "ያልሞተ ሰው አስለቅሷል" ብለው ለሦስት ወር ከጡሩንባው አገዱኝ። ደንብ ነዋ! እጄን አውጥቼ ለእገዳዬ እኔም ድምፅ ሰጠሁ። ቤዛ ሳምንት አኩርፋኝ ከረመችና አንድ ማታ ራት ላይ "አባዬ፣ ስትነሣ ኮራሁብህ። ከዚያ በፊት ላለው ግን ገና ነኝ" አለችኝ። ልክ ናት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። አንድ ነገር ግን በደንብ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት የመጣው ሰው ክፉ አልነበረም። ሲሞቱ ሊያለቅስላቸው ፈቃደኛ ነበር። በቁማቸው ደጃቸውን ለመርገጥ ነው ያፈረው። የኔም ጥፋት ያው ነው፤ በደንብ ተሸፋፍኖ ነበር እንጂ። እስኪ በሰፈራችሁ፣ ሲሞቱ የምታለቅሱላቸው፣ አሁን ግን ሰላም ብላችኋቸው የማታውቁ ሰዎች ካሉ፣ ጡሩንባ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሂዱ።

እድሩም ደንቡ ላይ አንዲት መስመር ጨምሯል፦ ጡሩንባ ለመርዶ፣ ለወጣቶቹ ዝግጅት ግን ከበሮ። ከበሮውንም የምመታው እኔው ነኝ። ባለፈው ለአዲሱ ዝግጅት እየመታሁ ስዞር እማማ ታደለች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ድስት ያለሰልሳሉ።

"እንዴት አደርክ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ልብዎስ እማማ?"

"አለች፤ ትመታለች። ስማ ዘለቀ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ጡሩንባውን እቤትህ ተወው።"

"ምነው እማማ! አሁንማ አባል ነዎት እኮ!"

"በጡሩንባ አንዴ ተለቅሶልኛል፤ ይበቃኛል" አሉና ከበሮውን በጭቃማ ጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ለኔ ይሄን ይዘህ ዙር።"